ምጣዱን ከሒሳቡ አውጡት

መብራት በጠፋ ቁጥር «ሶላር ባስገባስ?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን እስክሪብቶ አንሱ፤ ቤታችሁ በቀን ምን ያህል ይፈጃል?

አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና አነስተኛ ፍሪጅ ተደምረው በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢፈጁ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ከተጋገረበት የቀኑን ፍጆታ ሁሉ ይበልጣል። ምጣዱ መብራት እስኪመጣ ይቆይ።

ገንዘቡን የሚውጠው ባትሪው ነው። ፓነል 25 ዓመት ያህል ያገለግላል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ሲገዙት ቢረክስም ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 2 ኪሎዋት ሰዓት ለመጠቀም 4 መግዛት ግድ ይላል። ሊቲየሙ ይወደዳል፤ ሆኖም ከያዘው 80 በመቶውን ያለ ስጋት ይሰጣል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። እኔ ብሆን ጥቂት ወር አጠራቅሜም ቢሆን ሊቲየሙን እገዛለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ከቆጣሪ በሚተርፍ ብር ብቻ ወጪውን መመለስ ይከብዳል፤ ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቢጨምርም ገና ዝቅተኛ ነው። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ለምታስቀምጡ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እናንተ በተለይ ለሐምሌ ደመና ብላችሁ አንድ ፓነል ጨምሩ።