ያልቆጠርነው ሙቀት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍላችን በየዓመቱ ገቢና ወጪ አንብቦ ይቀመጣል። ዛሬ ግን ሪፖርቱን ከማንበባችን በፊት የምንናገረው አለን፤ ባለፈው ዓመት ተሳስተናል።

እንደምታውቁት እዚህ ሚኒሶታ ውርጩ እስከ ሜይ አጋማሽ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙንና ጎመኑን ከማርች መጀመሪያ አንሥቶ በአንዲት እህታችን ቤዝመንት ውስጥ በመብራት እናፈላለን። ከችግኙ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ አራስ እንጠይቃለን፣ ሐዘንተኛ እናጽናናለን፣ ሥራዋን ያጣችን እህት እንደግፋለን። ስለዚህ ችግኙ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዓመታት የተጠቀምነው በስድስት ፍሎረሰንቶች ነበር። እያንዳንዱ ባለ ሁለት ዘንግ ሆኖ ከነባላስቱ 90 ዋት ይወስዳል። በቀን 16 ሰዓት፣ ለ70 ቀን ሲበሩ 605 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ15 ሳንቲም ስናስበው ወደ 91 ዶላር ይመጣል። በምትካቸው የገዛናቸው ስድስት ኤልኢዲዎች ግን እያንዳንዳቸው 36 ዋት ብቻ ስለሆኑ ወጪው ወደ 36 ዶላር ይወርዳል። የመግዣቸው ዋጋ 150 ዶላር ነበር። «በሦስት ዓመት ወጪያቸውን ይመልሳሉ» ብለን እዚሁ ቆመን ነገርናችሁ፤ እናንተም አጨበጨባችሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጎመኑ እንደ ወትሮው በቀለ። ቃሪያው ግን አንድ ሳምንት አለፈው፣ ሁለት ሳምንት አለፈው፣ ብቅ አላለም። ከፊሉ አፈር ውስጥ በስብሶ ቀረ። የተረፈውም ዘግይቶ ስለበቀለ በሽያጩ ቀን የሚገዛው አላገኘም።

መጀመሪያ ዘሩን ወቀስን። ይባስ ብለን ቤዝመንቷን የሰጠችንንና ጠዋት ማታ የምታጠጣውን እህታችንን «ውኃ አብዝተሽ ነው» አልናት። እሷም አልተከራከረችንም፤ «ለከርሞ ሌላ ቤት ፈልጉ» ብላ ሄደች።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ቆይተን ቴርሞሜትር አፈሩ ውስጥ ብንከት 60 ዲግሪ ፋራናይት አነበብን። ቃሪያ 80 ዲግሪ ያህል ሲያገኝ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ በ60 ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። ጎመን ብርድ ስለሚችል ምንም አልሆነም። ለካ ድሮ የታችኛው መደርደሪያ ፍሎረሰንትና ባላስት የላይኛውን መደርደሪያ ከሥር ያሞቁት ነበር። 540 ዋቱ ወደ 216 ሲወርድ ሙቀቱም አብሮ ወረደ። እኛ ብክነት ነው ብለን የቀነስነው ኤሌክትሪክ፣ ማንም ሳያየው ሥራ ይሠራ ነበር።

ያንን ካወቅን በኋላ አንድ የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ገዝተን ሞከርን። ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ቃሪያ በዘጠነኛው ቀን በቀለ።

እንግዲህ ትክክለኛው ሒሳብ ይኸው። አራት ምንጣፎች 80 ዶላር ያወጣሉ። እያንዳንዳቸው 20 ዋት ስለሆኑ ለሁለት ሳምንት ቀንና ሌሊት ቢሠሩ የኤሌክትሪኩ ወጪ 4 ዶላር ያህል ነው። ጠቅላላ የመግዣ ወጪያችን 230 ዶላር፣ የዓመቱ ቁጠባ ደግሞ ወደ 50 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባችን የሚመለሰው በሦስተኛው ሳይሆን በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ይህም ሳይሸጥ የቀረውን ቃሪያ ሳንቆጥር ነው። ቢሆንም ኤልኢዲው ያዋጣል፤ ወደ ድሮው እንመለስ አንልም።

በየቤታችሁ መብራት ለመቀየር የምታስቡ፣ መጀመሪያ የአፈሩን ሙቀት ለኩ። ምንጣፉን ዘሩ እስኪበቅል ብቻ ተጠቀሙበት። መብራቱን ከችግኙ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ስቀሉት፤ ከራቀ ችግኙ ይቀጥናል። ነጭ ኤልኢዲ ለችግኝ ይበቃል። አሮጌዎቹን የፍሎረሰንት ዘንጎች ግን ሜርኩሪ ስላለባቸው ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ፤ ካውንቲያችሁ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰዷቸው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለን። ባለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ ላይ «ቃሪያው በውኃ ብዛት ተበላሸ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ተሰርዞ «ከሒሳብ ክፍሉ ስህተት የተነሣ» ተብሎ እንዲታረም እንጠይቃለን። አንቺም እህታችን፣ በሰው ፊት ወቅሰንሻልና በሰው ፊት ይቅርታ እንለምንሻለን። ቤትሽን ባትሰጪንም መብትሽ ነው፤ ብትመለሺ ግን ደስታችን ነው።