ባዶው ዜሮ እንዳይሆን

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የገበሬ ገብስ አለበት። ይኸውም ከኤክስኤምኤል ፋይል የወጣ ቁጥር፥ በሰርቨር ላይ በሚሠራ ድረ ገጽ ውስጥ፥ ቫሪያብል ወደምንለው ተለዋዋጭ እንዴት እንደሚገባ ነው።

ኤክስኤምኤል በ1998 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የወጣ የጽሑፍ ሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ስሙን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ተሸክሞ ይመጣል። (የመጀመሪያው ደንብ የምልክቱን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ አይፈቅድም ነበር። በዚያው ደንብ «ሙቀት» የሚል ምልክት ማቆም የተቻለው በ2008 አምስተኛው እትም ሲወጣ ነው። አሥር ዓመት ደጅ ጥናት!)

እንግዲህ የሮቤን፥ የጎባንና የሳነቴን የሌሊት ሙቀት የሚያሳይ ድረ ገጽ እንሠራለን እንበል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ታልፋለች፤ ጎባ ከእርስዋ ከፍ ትላለች፤ ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። በፒኤችፒ፥ ሲምፕል ኤክስኤምኤል በተባለው መሣሪያ ፋይሉን ከፍተን የጎባን ሙቀት ለተለዋዋጭ ብንሰጥ፥ የያዝነው ገና ቁጥር አይደለም፤ ከዛፉ ያልተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ይህንኑ እንዳለ በሴሽን ለማስቀመጥ የሞከረ ስሕተት ይመለስበታል፤ አስቀድሞ ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ ግድ ነው። ተለዋዋጩም ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋልና፥ ለነገ የሚፈለገው በዳታቤዝ ይቀመጥ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ቦታው ባዶ ቢመጣ፥ እኛም ሳንመረምር «ቁጥር ሁን» ብለን ብናዝዘው፥ ባዶው ዜሮ ይሆናል። ጎዴ ላይ ዜሮ ዲግሪ የሚል ገጽ ቢታይ ሕፃን እንኳ ይሥቃል። በባሌ ደጋ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ዜሮ የሚታመን ቁጥር ነው፤ በሳነቴማ ከዜሮ በታች መውረዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሐሰቱ እውነት መስሎ ያልፋል፤ የሲናናም ገበሬ ያልመጣ ውርጭ መጣ ሲባል ያልደረሰውን ለማጨድ ይቸኩላል።

ከዚህ የሸሸ ደግሞ ወደ ሌላው ገደል ይገባል። ፒኤችፒ «ኤምፕቲ» በሚለው ትእዛዝ ባዶ ነውን ተብሎ ሲጠየቅ፥ «0» የሚለውን ጽሑፍም ባዶ ነው ብሎ ይመልሳል። እንግዲያስ እውነተኛው ዜሮ፥ ውርጩ በእርግጥ የወረደበት ሌሊት፥ እንዳልተለካ ተቆጥሮ ይጣላል። ገብስ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ውርጭ ቢመታው ምን እንደሚተርፍ፥ ከመካከላችን የገበሬ ልጆች የሆንን ሁሉ እናውቃለን።

ስለዚህ አስቀድመን ምልክቱ በፋይሉ ውስጥ መኖሩን እንጠይቅ፤ ጽሑፉን አውጥተን በዳርና በዳሩ ያለውን ክፍት ቦታ እንጥረግ፤ ከዚያም «ኢዝ ኑሜሪክ» በተባለው ትእዛዝ ቁጥር መሆኑን እንመርምር፤ ካለፈ ብቻ ወደ ቁጥር እንለውጠው። ካላለፈ ተለዋዋጩ «ነል» ይሁን፤ በገጹም ላይ ከጎባ ስም አጠገብ «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ።