የአስቤስቶስ ብናኝና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ሳንባ በሽታ መናገር በሰው ማሳ መግባት ሆኖ ይቈጠርብኝ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ የማነሣው በሽታ ከሐኪም ቤት ይልቅ በንድፍ ጠረጴዛና በሥራ ቦታ የሚከለከል ስለሆነ ከሙያችን ውጭ ነው ለማለት አልደፍርም። በሽታው አስቤስቶሲስ ይባላል፤ መንሥኤውም የአስቤስቶስን ብናኝ በሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

አስቤስቶስ ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣ፣ እንደ ቃጫ የሚፈተልና የሚሸመን ማዕድን ነው። እሳት አያቃጥለውም፤ ሙቀትን ይከላከላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለዚህ በሃያኛው ምዕተ ዓመት የቦይለርና የእንፋሎት ቧንቧ መሸፈኛ፣ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የጣራ ክዳንና የውሃ ቧንቧ፣ እንዲሁም የመኪና የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ጓርኒሲዮን ሆኖ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ይህን ዕቃ መርጠው በንድፍ ላይ ስሙን የጻፉት የሙያ ባልደረቦቻችን መሆናቸውን መዘንጋት አይገባንም።

ማዕድኑ ሲቈረጥ፣ ሲፋቅና ሲሰበር በርዝመቱ እየተሰነጠቀ ዓይን ሊያየው ወደማይችል ቀጭን ቃጫ ይለወጣል። ይህም ከአየር ጋር ገብቶ እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። የሰውነት ዘብ የሆኑት ሕዋሳት ሊውጡት ይሞክራሉ፤ ሆኖም ረጅሙ ቃጫ መጠናቸውን ስለሚበልጥ ሊያስወግዱት አይችሉም። ከዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ብግነት በጊዜ ብዛት ጠባሳ ይሆናል፤ እንደ ስፖንጅ ልል የነበረው ሳንባም እየደደረ ይሄዳል። በሽተኛው በመጀመሪያ ዳገት ሲወጣ፣ በኋላም በተቀመጠበት ትንፋሽ ያጥረዋል። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ ጠባሳውን ወደ ጤናማ ሳንባ የሚመልስ መድኃኒትም የለም። ያው ብናኝ የሳንባ ካንሰርንና ሜሶቴልዮማ የተባለውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር ጭምር ያመጣል።

ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያገኘው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ሊደርስ የሚችለው ማን ነው? የዚህን ጥያቄ መልስ ከእንግሊዝ አገር ታሪክ እናገኘዋለን።

በ1898 የፋብሪካ ተቈጣጣሪ የነበረችው ሉሲ ዲን የአስቤስቶስ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሾለ መሆኑንና የሠራተኞችን ጤና እንደሚጐዳ በዘገባ አስታውቃ ነበር። ማስጠንቀቂያዋን የተከተለ ደንብ ግን አልወጣም። በ1924 በሮችዴል ከተማ በአስቤስቶስ ፈትል ሥራ ላይ የነበረችው ኔሊ ከርሾ በ33 ዓመት ዕድሜዋ ሞተች፤ ሐኪሙ ዊልያም ኩክም በሳንባዋ ውስጥ ያገኘውን ጠባሳና የማዕድኑን ስብርባሪ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አወጣ። በ1930 ደግሞ መንግሥት ያስጠናው ጥናት ታተመ። ከተመረመሩት 363 ሠራተኞች መካከል 95ቱ፣ ማለት ከአራት ከአንዱ በላይ፣ ሳንባቸው ጠባሳ ይዞ ተገኘ።

ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው የዚህ ጥናት አዘጋጆች ማንነት ነው። አንደኛው ሜሬዌዘር የተባለ ሐኪም፣ ሁለተኛው ፕራይስ የተባለ የፋብሪካዎች የምሕንድስና ተቈጣጣሪ ነበሩ። ሐኪሙ በሽታውን ገለጸ፤ መሐንዲሱም ብናኙ የሚታገድበትን መንገድ ዘረዘረ፤ ይኸውም ብናኙን ከሚነሣበት ስፍራ በማራገቢያ ስቦ ማውጣት፣ መኪናውን መክደን፣ ዕቃውን አርጥቦ መሥራት ነው። በ1931 የወጣውም ደንብ በእነዚህ ምክሮች ላይ የተመሠረተ ነበር።

ይሁን እንጂ ያ ደንብ በዋናነት አስቤስቶስን በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ላይ የተወሰነ ነበር። ዕቃው ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ በመርከብ ግንባታና በቦይለር ክፍል ቧንቧ የሚሸፍነው፣ ያረጀውንም ሽፋን የሚያፈርሰው ሠራተኛ በቂ ጥበቃ አላገኘም። ደንቡ ሰፍቶ ለተጠቃሚዎቹ ሥራዎች የደረሰው በ1969 ነው። በአሜሪካም ዶክተር ኧርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ በ1964 ባወጡት ጥናት፣ ከ1943 በፊት ሥራ ከጀመሩ 632 የሙቀት መከላከያ ሠራተኞች መካከል እስከ 1962 ድረስ 45ቱ በሳንባና በሳንባ ሽፋን ካንሰር መሞታቸውን ገለጹ። በተለመደው ስሌት ይጠበቅ የነበረው 6.6 ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሠሩት በፋብሪካ ሳይሆን በሕንፃ ሥራ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች አስቤስቶስን ከልክለዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ፣ ማዕድኑን ራሷ ታወጣ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2008 አግደውታል። ክልከላ ግን አዲሱ እንዳይገባ ያደርጋል እንጂ ቀድሞ የተገጠመውን አያነሣውም። አሮጌ ጣራ፣ አሮጌ ቧንቧና አሮጌ ቦይለር ባለበት ሁሉ ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ ራሳችን የሥራ ሰነድ እንመልስ። የአሮጌ ሕንፃ እድሳት ሲታሰብ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «አፍርሶ ማንሣት» የሚል አንድ መስመር ይሰፍራል፤ ልኩም በካሬ ሜትር ይጻፋል። የሚፈርሰው ነገር ከምን እንደ ተሠራ ግን አይገለጽም። ያችን መስመር በመዶሻ የሚፈጽማት የቀን ሠራተኛ ነው። ለአንድ ሳምንት ሠርቶ ይሄዳል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ውሉ ተዘግቷል፣ ስሙም በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ባለቤቱም ሆነ ሥራ ተቋራጩ «ወጪ ይበዛል» ማለታቸው አይቀርም። ወጪው ግን ዛሬም አለ፤ ልዩነቱ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሳይሆን በሠራተኛው ሳንባ ላይ መከፈሉ ነው። የእኛ ተግባር ወደ ሰነዱ መመለስ ነው።

በዚህ መሠረት ማኅበራችን ለአባላቱ በሚያቀርበው የሥራ መመሪያ ውስጥ ሦስት ነገሮች እንዲገቡ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አሮጌ ሕንፃ ወይም ቦይለር ከመነካቱ በፊት ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ይመርመር፤ በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥም ድረስ አጠራጣሪው ሁሉ አስቤስቶስ እንደሆነ ይቈጠር። ሁለተኛ፣ አነሣሡ ራሱን የቻለ መስመርና ዋጋ ይኑረው፤ ይኸውም ማርጠብን፣ ሳይሰብሩ ማውረድን፣ አሽጎ በተለየ ስፍራ መቅበርን የሚያካትት ይሁን። በደረቁ መጥረግም ይከልከል። ሦስተኛ፣ በጋራዥ የፍሬን ከበሮ ብናኝ በኮምፕረሰር አየር መንፋት ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የመተንፈሻ መሸፈኛም ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ጥበቃ ነው፤ አፍ ላይ የሚታሰር ተራ ጨርቅ ግን ይህን ቃጫ አያግድም።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤ በ1930 ሐኪሙና መሐንዲሱ በአንድ ሰነድ ላይ ፈርመው ነበር። የሐኪሙ ድርሻ ዛሬ በሚገባ ታውቋል። የቀረው የእኛ ነውና ጉባኤው ሐሳቡን ተመልክቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት በትሕትና እጠይቃለሁ።