የጠፍጣፋ አካላት ንዝረትና የግምታችን አድልዎ



ከኮምፔንሳቶ ላይ ጠባብ ቁራጭ በሰያፍ ቆርጦ የሚያጎብጥ ሰው፣ ቁራጩ ሲጎብጥ በመጠኑም እንደሚጠማዘዝ ያያል። ይህም የሚሆነው የእንጨቱ ጥንካሬ በየአቅጣጫው ስለሚለያይ ነው። እንዲህ ያለው ጠፍጣፋ በሚነዝርበት ጊዜ ድግግሞሹን በቀጥታ የሚሰጥ ቀመር በአብዛኛው አይገኝም። ስለዚህ ዋልተር ሪትዝ በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳየው መንገድ የታወቁ ቅርጾችን ደምረን የንዝረቱን መልክ እንገምታለን፤ ከዚያም የእምቅ ጉልበትንና የእንቅስቃሴ ጉልበትን አነጻጽረን ድግግሞሹን እናሰላለን።

የዘዴው ጥቅም የታወቀ ሲሆን አደጋው ግን ይዘነጋል። በዚህ መንገድ የተሰላው መሠረታዊ ድግግሞሽ ከትክክለኛው ከፍ ይላል እንጂ ከቶ ዝቅ አይልም። ጠርዞቹ እንዳይነሡ ብቻ በተደገፉ ባለ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ላይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ አንድ የሳይን ግማሽ ሞገድ ብቻ ብንወስድ፣ ጉብጠትን ከጥምዘት ጋር የሚያያይዙት መጠኖች ሲጠቃለሉ ዜሮ ይሆናሉ። ክሮቹ በሰያፍ መዋላቸው ከስሌቱ ፈጽሞ ይጠፋል ማለት ነው።

እንግዲህ የአንድ ሞተር ዙር ከተሰላው ድግግሞሽ በታች ነው ብለን ስንተማመን፣ ትክክለኛው ድግግሞሽ ወደ ታች ወርዶ ከሞተሩ ዙር ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ጠፍጣፋውም ለብርቱ ንዝረት ይጋለጣል።

ስለሆነም ቅርጾችን እየጨመርን ውጤቱ መውረዱን እስኪያቆም እንከታተል፤ ለሰያፍ ክር ይህ ቶሎ አይሆንምና ትዕግሥት ያሻል። በመጨረሻም ኤርንስት ክላድኒ በ1787 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በሚነዝረው ጠፍጣፋ ላይ አሸዋ በትነን የገመትነውን ቅርጽ ከታየው ጋር እናስተያይ።