«የኔ እናት» ብሎ ሽሮ መሸጥ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለአባላትና ለቤተሰብ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሱቅ ሕይወታችሁ አንድ ነገር ንገሩን» ሲሉን ደንግጠን ነበር። እኛ ባልና ሚስት ኢስሊ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና ሽንኩርት ስንሸጥ የኖርን፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች ነን። የማኅበሩን ታሪክ ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድማችን በሚገባ ስላስረዱ በዚያ አንገባም። እኛ የምናውቀው በባንኮኒ ወዲያና ወዲህ የሚባለውን ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ትንሽ ነገር እናወራችኋለን፤ የማናውቀውን ሰው «የኔ እናት»፣ «የኔ ቆንጆ»፣ «ወንድሜ»፣ «ማሬ» ስለማለት።

ሐበሻ ሱቃችን ሲገባ ገና ምን እንደሚፈልግ ሳንጠይቅ ዘመድ እናደርገዋለን። ሸምገል ያለው «አባቴ» ነው፣ ወጣቷ «የኔ ቆንጆ» ናት፣ ጎልማሳው «ጋሼ» ነው። ለሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ «አባቴ፣ ከረሜላ ልስጥህ?» እንላለን። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። «ልጁ እንዴት የእናንተ አባት ይሆናል?» ይሉናል። መልስ የለንም፤ እኛም እንደዚሁ ተብለን ነው ያደግነው።

ናይሮቢም በዚህ አትታማም። ጠዋት ከቤት ወጥተን በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ ስንሳፈር ረዳቱ ወንዱን «ቦስ»፣ ሴቷን «ማዘ» ይላል። ጊኮምባ ገበያ ስንደርስ ደግሞ ከግራም ከቀኝም «ከስተመር! ከስተመር!» ነው፤ የእኛው መርካቶ «ደንበኛ» መሆኑ ነው። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሴቷን «አባዮ»፣ እህቴ፣ ሸምገል ያለውን ደግሞ «አዴር»፣ የአባቴ ወንድም፣ ብለው ይጠራሉ። አትክልት የምትሸጠው ሴት ራሷ ስሟ «ማማ ምቦጋ» ነው፤ የጎመን እናት እንደማለት። በአንድ መንገድ ላይ በአምስት ቋንቋ ዘመድ ሆነን እንውላለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማታቱ ተሳፋሪ ወጣት «ምዜ፣ እዚህ ተቀመጥ» ብሎ ከሁለታችን ፀጉሩ ለሳሳው ተነሣ። ምዜ ማለት ሽማግሌ ነው። ያን ቀን ማታ በቤታችን መስታወት ሥራ በዝቶበት አመሸ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። ኋላ አንድ ኬንያዊ ጎረቤታችን «የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታን ሕዝቡ ምን ብሎ ይጠራ ነበር? ምዜ አይደለም እንዴ?» ብሎ አጽናናን። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ራይላ ኦዲንጋም ለደጋፊዎቻቸው «ባባ» ነበሩ። ይህን ከሰማን ወዲህ «ምዜ» ሲሉን ደረታችንን ነፋ አድርገን እንቀመጣለን።

የጽሑፉ ግን ቤት ሊያፈርስብን ነበር። ዕቃ ከምታቀርብልን ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ በስልክ መልእክት መጣ፤ «ሃይ ዲር፣ ዕቃህ ደርሷል» ይላል። ባለቤቴ አነበበችው። «ዲር» ማለት ውዴ ማለት እንደሆነ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ሦስት ቀን ቡና በዝምታ ተጠጣ። በአራተኛው ቀን ራሷ ዕቃውን ልታመጣ ሄደች። ስትመለስ እየሳቀች ነው። ለካ ያቺ ልጅ በር ላይ ተቀብላት፣ «ካሪቡ ስዊቲ፣ ተቀመጪ ማይ ዲር» ብላ ሻይ ጋብዛታለች። የዚህ ከተማ ቢሮ ለሁሉም «ዲር» ነው። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ «ውድ» እንደምንለው መሆኑ ነው እንጂ ሌላ የለበትም።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ እኛ «የኔ እናት» የምንልበት አንዱ ምክንያት ስም ስለማናውቅ ነው። በእኛ ልማድ ታላቅን ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው፤ የማያውቁትን «አንቺ» ማለትም አይሆንም። «እርስዎ» ብቻ ካልን ደግሞ እንደ ቢሮ ይቀዘቅዛል። ይህን ክፍተት «የኔ እናት» ይሞላልናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምፔሳ ሲጀመር ግን ጉዳችን ወጣ። ሰው በስልኩ ሲከፍለን ስሙ በመልእክቱ ላይ ይመጣ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት «የኔ ቆንጆ» ስንላት የኖርናትን ሴት ስሟን ከስልክ ላይ አነበብን። እሷ ግን የልጆቻችንን ስም ሁሉ ታውቅ ነበር።

ሌላውም ምክንያት ገበያ ነው። እኛ ልጆች በነበርንበት በደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ስኳርና ሳሙና በደብተር እንወስድ ነበር። ያ ሻጭ አንድም ቀን «የኔ እናት» ሲል አልሰማንም። ተራ ሲደርስ «ደብተር!» ይላል፤ ስኳር ሲያልቅ «አልቋል!» ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለንም። ብንቀየምም ሌላ የምንሄድበት እንደሌለን ስለሚያውቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የግል ሱቅ ባለቤት ግን እናታችንን ከሩቅ ሲያይ «እትዬ» ብሎ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። እሱ ሌላ ሱቅ እንዳለ ያውቃል። በዚያን ጊዜ በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ «ጓድ» ነበር፤ ታንዛኒያም በኔሬሬ ጊዜ «ንዱጉ» ይባባሉ ነበር። የእኛ «ጓድ» በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር ወደቀ። «ንዱጉ» ግን ዱሮውንም ወንድም፣ ዘመድ ማለት ስለሆነ እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ አለ።

ልጆቻችን አንድ ነገር ይዘውልን እንዲሄዱ እንፈልጋለን። እነዚህ ቃላት ዝም ብለው የተወረወሩ አይደሉም። «ጋሼ» ማለት ጋሻዬ ማለት ነው፤ የሚከልለኝ። የቄስ ትምህርት ቤቱ «የኔታ» የኔ ጌታ ነው፤ «እሜቴ» ደግሞ እመቤቴ። እንግዳ ሰው አልበላም ሲል «በሞቴ» እንለዋለን፤ ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። አንድ ቀን ሴት ልጃችን ይህን ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ በእንግሊዝኛ ብትተረጉምላቸው፣ ኢትዮጵያውያን ምሳ ለመብላት የሚሞቱ ሰዎች ናቸው ብለው ፈሩ። ደግሞ የማናውቀው ሰው መንገድ ላይ ቢደናቀፍ «እኔን!» እንላለን። አንተን ከሚያገኝህ እኔን ያግኘኝ ማለታችን ነው። ኬንያዊውም እንዲሁ ዝም ብሎ አያልፍም፤ «ፖሌ» ይላል። እሱ አልገፋንም፣ ጥፋትም የለበትም፣ ግን «ፖሌ» ይለናል። የመጣን ሰሞን ይህን ስንሰማ ይቅርታ የሚጠይቀን ይመስለን ነበር። አይደለም፤ ሕመማችንን መካፈሉ ነው።

አሁን ደግሞ የማንኮራበትን እንናገር።

ሱቃችን ውስጥ አንዲት ልጅ ቀጥረን ነበር፤ ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ጨዋ፣ ሥራ ወዳድ። አንድ ደህና ደንበኛችን፣ በወር ብዙ ዕቃ የሚወስድ ሰው፣ «ማሬ»፣ «ሆዴ» ይላታል። ደስ እንደማይላት ነገረችን። እኛም «ተይው፣ የአፍ ነው፤ እኛም ሰውን ሁሉ የኔ ቆንጆ እንል የለም እንዴ» አልናት። ሁለተኛ ጊዜ ነገረችን፤ ሁለተኛም ያንኑ አልን። በሦስተኛው እንዲህ አለች፦ «እናንተ ካላችሁ እህቴ ይለኛል። እናንተ ስትወጡ ነው ማሬ የሚለኝ።»

ይህን ስትል ገባን። እኛ ለደንበኛ «የኔ ቆንጆ» የምንለው ባሏም አባቷም አጠገቧ ቆመው ነው። ሰው ሲመጣ የሚለወጥ ቃል ግን ሌላ ጉዳይ አለው። ሰውየውን ለብቻው ጠርተን ነገርነው፤ ተቆጣ፤ ሁለተኛ አልመጣም። የዚያ ወር ሒሳባችን ጎደለ። ልጅቷ ግን በወሩ መጨረሻ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች። ሦስት ጊዜ መናገር እንዳልነበረባት እናውቃለን።

ሁለተኛው ይብሳል። እኛ ካለንበት ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩ። ውጭ አገር ያለ ልጃቸው ጋር ለመሄድ ጉዳያቸውን እየጠበቁ ዓመታት ቆዩ። ግማሽ ኪሎ ሽሮ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ ቡና ይገዛሉ። እኛም እንደ ልማዳችን «የኔ እናት፣ ምን ልስጥዎ? የኔ እናት፣ ደረጃውን ቀስ ብለው» እንላለን። እሳቸውም «ልጆቼ» ይሉናል። ስዋሂሊ አንድ ቃል አያውቁም።

አንድ ዓርብ ማታ ሊዘጋ ሲል መጡ። «ልጆቼ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ደረቴን ነው። ቋንቋውን አላውቅ፣ መንገዱን አላውቅ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብታደርሱኝ» አሉን።

ቅዳሜ ለሱቅ ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ነጋዴዎች ታውቃላችሁ። ያን ቅዳሜ ደግሞ ዕቃ በሞያሌ በኩል ይገባልን ነበር። «የኔ እናት፣ ነገ እንኳ አይመቸንም፤ ሰኞ ቢሆን» አልን። ቀጠሮ ሰኞ እንደማይሆን እያወቅን ነው ያልነው።

ትንሽ ቆሙ። «እሺ። እናቴ ስላላችሁኝ ነው የጠየቅኋችሁ» አሉ። በቁጣ አይደለም። ዕቃ ዋጋው ተሳስቶ የነገሩትን ሰው ያህል እንኳ አልተቆጡም። የሽንኩርቱን ሒሳብ ቆጥረው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ደረጃውን ወጡ።

ሌሊቱን አልተኛንም። ንጋት ላይ ወጥተን በራቸውን ብናንኳኳ የሉም። ወደ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ አየናቸው፤ ከታች ከሕንፃው በር ላይ ጎመን የምትሸጠው ማማ ምቦጋ ክንዳቸውን ይዛ ከማታቱ ታወርዳቸዋለች። የጎመኗን ጠረጴዛ በሸራ ሸፍና፣ የቅዳሜ ገበያዋን ትታ ነው የሄደችው። አማርኛ አታውቅም፤ እሳቸውም የእሷን አያውቁም። ሁልጊዜ «ሾሾ» ነበር የምትላቸው፤ በእነሱ አያቴ ማለት ነው። ጠዋት ብቻቸውን ወረቀት ይዘው ሲወጡ አይታ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፤ ከዚያ ዝም ብላ ተነሣች። መድኃኒቱን በጣት እያሳየች፣ ፀሐይ ስትወጣ አንድ፣ ስትገባ አንድ ብላ አስረድታቸዋለች።

እኛ ያን ቀን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። «ምን አጠፋችሁ፣ ሥራ ነው» አሉ። ቀጣዩን ቀጠሮ እናደርስዎ ብንል «አይ፣ ሰው አግኝቻለሁ» አሉ። ሽሮውን ከእኛ መግዛት አላቆሙም። እኛ ግን ከዚያ በኋላ «የኔ እናት» ለማለት አፋችን እየተያዘ «እማማ» ብቻ እንል ጀመር።

ጉዳያቸው አልቆ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ሱቁን ዘግተን ሻንጣቸውን ተሸክመን አወረድን፤ ያን ቀንም ቅዳሜ ነበር። ከታች ማማ ምቦጋን አቅፈው አለቀሱ። «ልጄ፣ ልጄ» ይሏታል፣ እሷም «ሾሾ» ትላለች። ከራሳቸው ላይ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ሁለታችንንም ሳሙን፣ መረቁን፤ የልባቸውን ምርቃት ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደኅና ሁኑ፣ ደንበኞቼ» አሉን።

ታክሲው ሄደ። ማማ ምቦጋ ነጠላውን እንደለበሰች ወደ ጎመኗ ተመለሰች። እኛም ሱቃችንን ከፈትን።