ፕላኑ ከመነደፉ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም የኅብረተሰብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን በመርሆነት አስፍሯል። እንግዲህ የጎደለን ሕግ አይደለም።

የጎደለውን በወረዳ አዳራሽ ተሰብስቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ያለቀለት ጉዳይ ይነበባል፤ «አስተያየት ካላችሁ» ይባላል፤ ሦስት ሰው ዕድል ያገኛል (ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል)፤ ከዚያ «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል» የሚል ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። በእኛ እምነት ይህ ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም።

አንድ ሰፈር አንድ ድምፅ ብቻ የለውም። ባለይዞታውን የሚያስጨንቀው ካሳውና ምትክ ቦታው ነው። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረው ግን ካሳ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። በጉልት የምትሸጠው እናት ሌላ ቦታ ቢሰጧት እንኳ ደንበኞቿን ይዛ አትሄድም። አረጋውያን ደግሞ አስቀድመው የሚያነሡት እድራቸውን ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ያዋጡበት እድር አባላቱ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ድንኳኑን ማን ይተክላል? ቀባሪውስ ከየት ይመጣል? በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ የፈረሰው ግድግዳ ብቻ አልነበረም።

«ሕዝብ እየጠየቅን ከቆየን ልማት ይጓተታል» ይሉናል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ገበሬውንና የከተማውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጅ ነበርን?

ፓርቲያችን ቢመረጥ ማንኛውም የሰፈር ፕላን ከመነደፉ በፊት ባለይዞታው፣ ተከራዩ፣ ነጋዴውና እድሩ በየራሳቸው ይሰበሰባሉ፤ ሰብሳቢያቸውንም ራሳቸው ይመርጣሉ። የተቃውሞ ሐሳብ እንደ ድጋፉ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። የተባለው ሁሉ ይፈጸማል ብለን ቃል አንገባም፤ መንገድ የግድ በአንድ በኩል ማለፍ አለበት። ነገር ግን ፕላኑን የሚያጸድቀው ምክር ቤት ያልተቀበለውን ሐሳብ ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይመልሳል፤ መልሱም በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መልሱ እስኪለጠፍ ድረስ በዚያ ሰፈር አንድም ቤት አይፈርስም።