የወታደር ቤትና ዕድራችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁን እኛ በመዝገብ ቤት ሥራ ኖረን በጡረታ የተገለልን ነን። ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ የተራቀቀ ንግግር አትጠብቁብን፤ የምናወራው ያየነውን ነው። ርዕሳችን የወታደር ቤተሰብ ኑሮ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን፤ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ስለ ወታደር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ጠመንጃውን፣ ሰልፉንና ማዕረጉን ነው። ከበስተኋላው ልጅ አዝላ፣ ምጣድ አስጭና ከካምፕ ካምፕ የምትዞረውን ሴት የሚያስባት ግን ጥቂት ነው። አባታችን የ3ኛ ክፍለ ጦር ባልደረባ ነበሩ፤ ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ። የክፍለ ጦሩ መምሪያ ሐረር ስለ ነበረ እኛም የተወለድነው ሐረር ነው። ያደግነው ግን በጭነት መኪና ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስድስቱን ክፍል የጨረስነው በአራት ትምህርት ቤቶች ነው።

ወታደር ሲዛወር ቀጠሮ አይሰጠውም። ትእዛዙ በመጣ በሦስተኛው ቀን ካሚዮኑ በር ላይ ይቆማል። እናታችን ለጓዝ አጫጫን የራሷ ሥርዓት ነበራት። ከታች አልጋና ሣጥን፣ ከዚያ የእህል ጆንያ፣ ከዚያ ፍራሽ፣ በፍራሹ እጥፋት ውስጥ ደግሞ የሸክላ ምጣዷ። ልጆች ጆንያው ላይ፣ ዶሮዎች በቅርጫት ሆነው እግራችን ሥር። ምጣዱ ያለበት ላይ የተቀመጠ ልጅ ወየውለት!

በ1963 ዓ.ም. ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስንዛወር መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ኮረኮንች ስለ ነበረ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። በባቢሌ አልፈን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የቆመበትን የዳካታን ሸለቆ አቋርጠን፣ የካራማራን ተራራ ወጥተን ስንወርድ ሜዳው ላይ ጅጅጋ ታየችን። ጓዙ ሲወርድ ምጣዱ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ። እናታችን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዝም አለች። ወዲያው የጎረቤት አሥር አለቃ ባለቤት ወጣ አለችና፣ «እትዬ፣ ለምጣድ ይታዘናል እንዴ? የእኔ አለ አይደል፤ በተራ እንጋግራለን» አለቻት። እንዲህ ሆነና ሁለት ወር ሙሉ የሁለት ቤት እንጀራ በአንድ ምጣድ ተጋገረ። የካምፕ ጉርብትና ማለት ይኸው ነው። ሰዉ ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከጉራጌ፣ ከትግራይ የተሰበሰበ ነው፤ ዘመድ የሚባል በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ግድግዳ የሚጋራው ሰው ዘመዱ ይሆናል።

ቤታችን በረጅሙ ተሠርቶ በየክፍሉ የተከፈለ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል። እናታችን በአቡጀዲ መጋረጃ ለሁለት ከፍላ ወዲህ ጓዳ፣ ወዲያ መኝታ አደረገችው። ሰዓት አልነበረንም፤ አያስፈልገንምም ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ እንነሣለን፣ ሲነፋ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሲነፋ ምሳ ነው፣ ሲነፋ ባንዲራ ይወርዳል። ባንዲራ ሲወርድ ኳስ የሚራገጥ ልጅ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ኳሷ ግን ትእዛዝ ስለማታውቅ እየተንከባለለች ትሄዳለች።

ውሃ በቦቴ መኪና ነበር የሚመጣው። እናቶች ጣኒካቸውን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን የአምስት ዓመቱ ታናሽ ወንድማችን ወረፋው ሲሰለቸው ቦቴው ጋቢና ውስጥ ገብቶ ከወንበሩ ጀርባ ተኝቶ ኖሯል። ሹፌሩም ሳያየው ውሃ ሊቀዳ ሄደ። በካምፑ ኡኡታ ሆነ። ሴቶቹ ጉድጓድ ለጉድጓድ፣ ወታደሮቹ ሜዳ ለሜዳ ፈለጉት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቦቴው ተመልሶ መጣና ወንድማችን የሹፌሩን ቆብ አድርጎ፣ ኮቾሮ እየቆረጠመ ወረደ። እናታችን በአንድ እጇ እየሳመች በሌላው ቆነጠጠችው። አባታችን ደግሞ ቁጣቸውን ውጠው፣ «ያለ ፈቃድ ከካምፕ መውጣት ያስቀጣል» ብለው ሦስት ቀን ዶሮ ጠባቂ አደረጉት።

እንግዲህ ሳቁ ይህ ነው። ችግሩም ነበረ። የወታደር ደመወዝ ከወር ወር አይደርስም ነበር። ከሱቅ በዱቤ ይወሰዳል፤ ደመወዝ ሲከፈል ገንዘቡ ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ወደ ባለ ሱቁ ጠረጴዛ ይሻገራል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ምክንያት አመፁ፤ በየካቲት ደግሞ አሥመራ ያለው የ2ኛ ክፍለ ጦር ተከተለ፤ የደመወዝ ጥያቄም ተነሣ። የታሪክ ሰዎች ይህን የአብዮቱ መነሻ ከሆኑት አንዱ አድርገው ይጽፉታል። እኛ ግን ያኔ የአሥር ዓመት ልጆች ስለ ነበርን የምናስታውሰው እናቶቻችን ስለ ጤፍ ዋጋ ሲነጋገሩ ነው። እነሱ ነገሩን ከሁሉም ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ማድጋው ሲጎድል የሚያዩት እነሱ ናቸውና።

አባቶች ለግዳጅ ሲወጡ ከደመወዛቸው ተቆራጭ ለቤት ይተዋሉ። ተቆራጩ ሲዘገይ እናቶች የራሳቸው ዕቁብ ነበራቸው፤ ዕጣው የማን መሆን እንዳለበት ምጣዱ ያልጋለበትን ቤት አይተው ይወስናሉ። ከመካከላቸው ለምትወልድ ገንፎ አገንፊው፣ ውሃ ቀጂው፣ ልጅ ያዥው በሰልፍ ተመድቦ ይጠብቃል። የሻምበሉ አዛዥ እንኳ እንደነሱ ተራ አያስጠብቅም ነበር።

ከዚያ 1969 ዓ.ም. መጣ። በሰኔ ወር ነገሩ እየከፋ ሲሄድ አባታችን እናታችንን ጠርተው፣ «ልጆቹን ይዘሽ ወደ አዲስ አበባ ውጪ፤ እኔ ስመለስ አገኛችኋለሁ» አሏት። ጓዝ የሚጫንበት ጊዜ አልነበረም። እናታችን ፍራሹንም ምጣዱንም ትታ ሁለት ነገር ብቻ ያዘች፤ የአባታችንን ካፖርትና ወረቀት የሞላ የብስኩት ቆርቆሮ። በእህል መኪና ላይ ተጭነን፣ በሐረርና በአሰበ ተፈሪ በኩል አድርገን አዲስ አበባ ገባን። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ወረረ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። ከዚያ ወዲያ ከአባታችን ደብዳቤ አልመጣም።

በዚህ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ያደርንበትን የመጀመሪያ ሌሊት ሳናነሣ አናልፍም። ንጋት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። እኛም እንደ ልማዳችን ብድግ ብለን ፊታችንን መታጠብ ጀመርን። አከራያችን ደንግጠው፣ «ልጆች፣ ወዴት ናችሁ?» ሲሉን፣ «ተነሡ ተብሎ የለም እንዴ!» አልናቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ «ይኸ የዕድር ጥሩምባ ነው ልጆቼ፤ ሰው ሞቶ ነው» አሉን። እናታችን ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከማታውቀው ሰው ለቅሶ ሄደች። በሳምንቱም በዕድራችን ተመዘገበች።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ድል ሆነ፤ ጅጅጋም ተመለሰች። አገሩ ሁሉ ሲደሰት እኛም ተደሰትን፤ አባታችን ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያልን በር በሩን አየን። እናታችን ራዲዮ ከሚሰማበት ቤት ደጃፍ አትጠፋም ነበር። መርዶው የመጣው በ1971 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ከሻምበላቸው የተረፉ አንድ ባልደረባቸው ለዕድሩ ሽማግሌዎች ነገሩ፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ በማለዳ መጥተው አረዱን።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። የዕድሩ ደንብ የሚናገረው ሬሳ ስለሚወጣበት ቤት ነው። የእኛ ሬሳ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ድንኳን ይተከላል ወይስ አይተከልም? ገንዘቡስ ይከፈላል? አንዳንዶቹ ደንቡን ጠቀሱ፤ ደንብ የሚጠብቅ ሰውም አይወቀስም። በዚህ መካከል አንድ አናጢ የነበሩ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ድንኳኑን የምንተክለው ለሞተው ነው እንዴ? የሞተው ብርድ አይመታውም። ለቀሩት ነው እንጂ» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ገንዘቡም ሙሉው ተከፈለ። የአባታችን ካፖርትና አንዲት ፎቶግራፍ መካከል ላይ ተቀመጡ፤ የተለቀሰው በነሱ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቤታችን ሰው አልጎደለበትም። በቤተሰባችን ይህ ውለታ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ስለ ብስኩት ቆርቆሮውም ጥቂት እንበል፤ በኋላ የመዝገብ ቤት ሰው ስንሆን ጥቅሙ ይበልጥ ገባን። በውስጡ የጋብቻ ወረቀት፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የመታወቂያ ግልባጭና ከግዳጅ የተላኩ ደብዳቤዎች ነበሩ። እናታችን ማንበብ አትችልም፤ ግን ወረቀት እንደማይጣል ታውቃለች። የጡረታው ጉዳይ ብዙ ቢያመላልሳትም በነዚያ ወረቀቶች ተሳካላት። ያቺ ምጣዷን ያካፈለችን የአሥር አለቃው ባለቤት ግን ባሏ በዚያው ጦርነት ቀረ፤ ወረቀቷም ጅጅጋ ቀረ። ሚስቱ መሆኗን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ዓመታት ተንከራተተች። ሁለቱም እኩል አልቅሰዋል፤ ልዩነታቸው አንድ ቆርቆሮ ነው።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። ሰው ጠፍቶ ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 መሠረት ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወቅለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ቤት «መጣ፣ አልመጣም» እያለ ጉዳዩን ሳያስፈጽም ይኖራል። ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ልጆች ማሳደጊያ እንዳያጡ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለፈውን ለማውራት ብቻ አይደለም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስም በሰሜን በነበረው ጦርነት በብዙ ሰፈር ሬሳ የሌለበት መርዶ ገብቷል። የጦርነቱን ነገር ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ለእኛ ለዕድርተኞች የሚቀርበው ጥያቄ ያው ሽማግሌው የመለሱት ነው። የሚያሳዝነው ግን የያኔው ውሳኔ በቃል ቀረ እንጂ በደንባችን አልገባም። የዛሬ ልጆች ሽማግሌውን አያውቋቸውም፤ የሚያውቁት የተጻፈውን ነው። በመዝገብ ቤት የተማርነው ትልቁ ትምህርት፣ ያልተጻፈ ነገር ሰው ሲያልፍ አብሮ ማለፉን ነው። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ በግዳጅ ላይ የሞተ ወታደር መርዶ ሲመጣ፣ ሬሳ ቢኖርም ባይኖርም ድንኳኑም ገንዘቡም ሙሉ እንዲሆን በደንባችን ይጻፍ።

2ኛ/ በዝውውር ምክንያት ከሰፈር የራቀ የወታደር ቤተሰብ ወርኃዊ መዋጮው ቢዘገይ፣ ተመልሶ እስኪከፍል ስሙ ከመዝገብ አይሰረዝ። ጓዙን በሦስት ቀን የሚጭን ሰው ገንዘብ ያዥ ቤት ለመድረስ ጊዜ አያገኝም።

3ኛ/ ማንበብና መጻፍ የምንችል ጡረተኞች ከለቅሶው በኋላ በአርባኛው ቀን ወደ ሐዘንተኛው ቤት ሄደን ወረቀት በማሰባሰብ፣ ማመልከቻ በመጻፍ፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት በማውጣት እንርዳ። ለዚህ ሥራ እኛ ያለ ክፍያ ስማችንን የመጀመሪያ አድርገን እናስመዘግባለን።

ለእናቶች ደግሞ አንድ አደራ አለን። ባል ወይም ልጅ ወታደር የሆነባችሁ፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ አንድ ቆርቆሮ ፈልጉ። የጋብቻውን፣ የልደቱን፣ የመታወቂያውን ግልባጭ በአንድ ላይ አኑሩ፤ ያለበትንም ቦታ ለአንድ ጎረቤት ንገሩ። ፈጣሪ የማያስፈልግ ያድርገው።

ሐሳባችን በስብሰባው ድምፅ እንዲሰጥበት በአክብሮት እንጠይቃለን። የዘመቱትን በሰላም ይመልስልን፤ ያለፉትን ነፍስ ይማር።